አይጠየፍ፦ የወሎ መንግሥት መቀመጫ ታሪክና የጥበቃው ጥያቄ

መግቢያ

ደሴ መሐል ቆሞ ቀና ያለ ሰው ኮረብታ አያጣም። ከነዚህ ኮረብታዎች አንዱ አይጠየፍ ይባላል። ስሙን በየጊዜው ስለምንጠራው ትርጉሙ ላይ ቆም አንልም እንጂ ቃሉ ቀላል አይደለም። አይጠየፍ ማለት የማይጸየፍ፣ ሰውን ከሰው የማይለይ ማለት ነው። ስሙ ንጉሥ ሚካኤል ኮረብታው ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስም ነው።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለመዳሰስ ይሞክራል። አንደኛ፣ የግብር አዳራሽ እንዴት የመንግሥት ሥራ ዋና ቦታ ሊሆን እንደቻለ፤ ሁለተኛ፣ የደሴ የመንግሥት መቀመጫነት እንዴት እየተለዋወጠ እንደመጣ፤ ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ቤት በምን እንደሚጎዳና ጥበቃው ከምን መጀመር እንዳለበት። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ባጭሩ፣ ከጥገና በፊት ሰነድ ይቅደም የሚል ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉት እ.ኤ.አ. ተብለው ተለይተዋል።

ደሴ እንዴት መቀመጫ ሆነች?

በጦሳ ተራራ ሥር የምትገኘው ደሴ ስሟን ያገኘችው ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደሆነ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1875 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚህ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አዩና ደስ ስላላቸው ቦታውን ደሴ አሉት ይባላል። ከዚያ በፊት በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ቦሩ ሜዳ ትልቁ የሃይማኖት ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። የወሎው ባላባት ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉት በዚሁ ዘመን ነው።

ነገሩ ግን የአንድ ሰው መጠመቅ ብቻ አልነበረም። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም በብዛት እምነቱን እንዲለውጥ ተገድዷል። እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉ መሪዎች ተቃውመዋል፤ አገር ጥሎ የተሰደደም ብዙ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «አይጠየፍ» የሚለው ስም የወጣው ይህ ሁሉ በሆነበት አገር ላይ ነው።

ራስ ሚካኤል የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዓድዋ ዘምተዋል። መጀመሪያ መቀመጫቸው ተንታ ነበር፤ በኋላ ወደ ደሴ አዞሩት። ልጅ ኢያሱ የምኒልክን ዙፋን ከያዙ በኋላም ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ለሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ያህል ደሴ የንጉሥ ከተማ ሆነች ማለት ነው።

አዳራሽ ምን ይሠራል?

በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት ካፒቶል የሚባል ሕንፃ አለው። ሕግ አውጪዎቹ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው፤ የአገረ ገዢው ቢሮም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ታዲያ በዚያ ዘመን በእኛ አገር የዚህ አቻ የቱ ነው? ብለን ብንጠይቅ መልሱ «ግቢ» ነው። ግቢ አንድ ሕንፃ ሳይሆን የብዙ ቤቶች ስብስብ ነው። ጌታው የሚያድርበትና የቅርብ ሰዎቹን የሚያነጋግርበት እልፍኝ አለ፤ ዕቃ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ እንጀራ ቤት አለ፤ ክስ የሚሰማበት ችሎት አለ። የሁሉም ትልቁ ግን አዳራሹ ነው።

አዳራሹ ለምን ትልቅ ሆነ? ምስጢሩ «ግብር» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። በአማርኛ ግብር ሁለት ነገር ነው። ሕዝብ ለመንግሥት የሚያገባው ግብር ይባላል፤ ጌታ ለሕዝብ የሚያበላውም ግብር ይባላል። ገባሩ ማሩን፣ እህሉን፣ ከብቱን ወደ ግቢ ያስገባል፤ ከገባው ውስጥ ከፊሉ በእንጀራ፣ በሥጋና በጠጅ መልክ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለድኻው ይወጣል። ሰው የሚቀመጠው በማዕረጉ ሲሆን የሚበላውም በየዙሩ ነው። መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለው ሹም፣ ከዚያ ወታደሩ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠ፣ ማን እንደተሾመና ማን እንደተሻረ አዳራሹ ውስጥ በዓይን ይታያል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ሹመትና መብል በዚህ አገር ምን ያህል የተሳሰሩ እንደነበሩ ያሳያል። በዘመኑ ጋዜጣና ቴሌቪዥን የሚሠሩትን ሥራ የሚሠራው አዳራሽ ነበር ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ በዚህ በኩል ከሌሎቹ አይለይም። ልዩ የሚያደርገው ስሙ ነው። በደሴ በቃል ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው አዳራሹ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ጌታና ድኻ ሳይባል ሁሉም የሚስተናገድበት ነበር፤ የእርዱ ነገርም ለየእምነቱ በየብቻው ተለይቶ ይዘጋጅ ነበር። ይህን ዝም ብሎ እንደ ውዳሴ ማየት ይቻላል። ነገር ግን ኢማም ሆኖ ተወልዶ ንጉሥ ሆኖ ዘውድ የጫነ ሰው፣ ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሃይማኖት በሚገኝበት አገር ላይ ሲገዛ፣ ሁለቱንም ወገን አንድ ጣሪያ ሥር ማብላት የግድ የፖለቲካ ሥራው ነበር። ስሙ ለወሎ ሰው የተገባ ቃል ነው ማለት ነው። ቃሉ ሁልጊዜ ተጠብቋል ወይ? የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ ቤቱ መኖር አለበት።

መንግሥት ሲሄድ ቤቱ ይቀራል

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱና ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በ1910 ዓ.ም. መጨረሻም በምርኮ ላይ እንዳሉ አረፉ። ከዚያ በኋላ ወሎን የሚገዛው ከማእከል የሚሾም ሰው ሆነ።

በ1920ዎቹ የወሎ ገዥ የሆኑት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ቢሆኑም የዘር ሐረጋቸው እዚሁ ይመለሳል። እናታቸው እቴጌ መነን የወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ የደሴው ትልቁ ትምህርት ቤት የሚጠራው በኚሁ ወይዘሮ ስም ነው። አልጋ ወራሹም በከተማው የራሳቸው ቤተ መንግሥት ነበራቸው።

የጣልያን ጦርነት ሲመጣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ጠቅላይ ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት የታወቀው ፎቶግራፍ የዚያን ዘመን ደሴ ያስታውሰናል። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን ደሴን ያዘ፤ የባዶሊዮ ጦር ወደ አዲስ አበባ የተነሣውም ከዚሁ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና አርበኞች በኮምቦልቻ በኩል ያለውን ምሽግ ሰብረው ከተማዋን ነጻ አወጡ።

ጣልያን ሲሄድ መንገዱን ትቶ ሄደ። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አሰብ የሚደርሰው መንገድ የአካባቢውን ሚዛን ለወጠው። ንጉሥ ኮረብታ የሚመርጠው ሩቅ ለማየትና ጠላትን ለመከላከል ነው። የጭነት መኪና ግን ኮረብታ አይወድም። ስለዚህ ፋብሪካው፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሜዳው ላይ፣ ኮምቦልቻ ሆኑ። ደሴ እስከ ደርግ መውደቅ ድረስ የጠቅላይ ግዛቱና የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሆና ቆየች። በአዲሱ አከላለል ግን የክልሉ ርእሰ ከተማ ባሕር ዳር ሲሆን ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን ከተማ ሆነች።

እንግዲህ አይጠየፍን የመሰለ ቤት ሁለት ጊዜ ሥራውን አጥቷል። መጀመሪያ ንጉሡን፣ ቀጥሎ ጠቅላይ ግዛቱን አጣ። ሥራ የሌለው ቤት ደግሞ ጠባቂ አያገኝም። ቢሮ የሆነ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚጮህ ሠራተኛ አለው፤ ባዶ አዳራሽ ግን ማን ይጮህለታል?

ቤቱ በምን ይጎዳል?

የዚያ ዘመን ትልልቅ አዳራሾች በጠቅላላው የሚሠሩት ከድንጋይ፣ ከጭቃ ወይም ከኖራ፣ ከጽድና ከወይራ እንጨት ነው። ጣሪያቸው በቀድሞው ልማድ ሣር፣ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ይህ አሠራር በደንብ ከተያዘ መቶ ዓመት አይከብደውም። ዋናው ጠላቱ ውሃ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በበልግም በክረምትም ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ቆርቆሮው ዝጎ ሲበሳ ውሃው መጀመሪያ የሚነካው የጣሪያውን እንጨት ነው። አሸንዳው ሲደፈን ደግሞ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርድና የጭቃውን ማያያዣ ያጥበዋል። ከታች በኩል መሠረቱ ዙሪያ የቆመ ውሃ ወደ ላይ ይሳባል። እንጨቱ ከረጠበ ምስጡ ይከተላል። የደሴ ዳገት አፈር በመንሸራተት የታወቀ ስለሆነም የውሃ መውረጃ ቦይ ጉዳይ ለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለቆመበት መሬትም የሕይወት ጉዳይ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም።

ሁለተኛው ጠላት ሰው በቅንነት የሚያደርገው ጥገና ነው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶ መምረግ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ሲሚንቶ ግን ከጭቃና ከኖራ ይልቅ ደረቅና ውሃ የማያሳልፍ ነው። ግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ እዚያው ይቀመጥና ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል፤ ውጭው ያማረ፣ ውስጡ የበሰበሰ ቤት ይሆናል። ጎንደር በፋሲል ግቢ በጣልያን ጊዜ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ጉዳት አስከትሎ በኋላ ባለሙያዎች ወደ ኖራው የተመለሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉም ይህን ያውቃል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ማንኛውም የጥገና ሥራ ከመሠራቱ በፊት የሚመለከተውን የፌዴራል የቅርስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቅርሱን በይዞታው ሥር ያደረገም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታዎችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ እንደሆነ ይደነግጋል። ዜጎች ሲል እኛንም ይጨምራል።

የ2014 ትምህርት

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን በተከታታይ ቀናት ያዙ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን አስታወቀ። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ ተዘርፏል። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ውስጥ የሚገኘው የደሴ ሙዚየምም ከዘረፋና ከጉዳት አልዳነም።

ከዚህ ለቅርስ ተማሪ የሚወጣው ትምህርት መራራ ነው። የተዘረፈ ዕቃ ተገኝቶ እንኳ «የእኛ ነው» ለማለት ፎቶ፣ ልኬትና መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡም አብሮ ከጠፋ ዕቃው ሁለት ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ሕንፃም እንደዚሁ ነው። ግድግዳ ቢፈርስ፣ ምን ያህል ወፍራም እንደነበረ፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ምሰሶዎቹ በምን ርቀት እንደቆሙ የሚናገር ወረቀት ከሌለ የሚሠራው አዲስ ቤት እንጂ የድሮው አይደለም።

ሰነድ ሲኖር የሚሆነውን ለማየት ስፕሪንግፊልድ የሚገኘውን የኢሊኖይ ግዛት የድሮ ካፒቶል መመልከት ይበቃል። አብርሃም ሊንከን በ1858 እ.ኤ.አ. «የተከፋፈለ ቤት» በሚል የሚታወቀውን ንግግር ያደረገው እዚያ ነው። ሕንፃው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድንጋይ በድንጋይ ተፈታ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀመጠ፤ ከዚያም በቁጥሩ መሠረት እንደገና ተገጣጠመ። ገንዘቡ ሊያስቀናን ይችላል። ሐሳቡ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ከመንካት በፊት መቁጠር ነው።

ለማን ይጠበቅ?

አንዳንድ ሰው «የፊውዳል ግቢ ለምን ይጠበቃል? የገባሩ ላብ አይደለም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከጥያቄው ውስጥ ይገኛል። የገባሩ ላብ ስለሆነ ነው የሚጠበቀው። ማሩንና እህሉን ያስገባው ገበሬ የጻፈው መጽሐፍ የለም፤ ሥራው የሚታይበት አንዱ ቦታ እንዲህ ያለ አዳራሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ አለቀ። ረሃቡ እንዲደበቅ ሲደረግ የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር የተቀመጠው እዚሁ ደሴ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ያነሧቸው ፎቶግራፎችና በኋላም የእንግሊዙ ቴሌቪዥን ፊልም ናቸው ነገሩን ያወጡት። «አይጠየፍ» የሚል የማብያ አዳራሽ የነበራት ከተማ በጓሮዋ የሚራበውን ሰው ሳታስተናግድ የቀረችበት ዘመን ነበር ማለት ነው። አዳራሹ ሲጠበቅ ይህም አብሮ ይነገር። የቦሩ ሜዳው ግዳጅም፣ የግብሩ ድምቀትም፣ ረሃቡም አንድ ታሪክ ናቸው። ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሚያወራ ሙዚየም የስሙን ትርጉም ይጥላል፤ ታሪክን መርጦ መጸየፍ ይሆናልና።

አገልግሎት መስጠትም ይቻላል። የአዲስ አበባው የምኒልክ ግብር አዳራሽ ታድሶ በ2012 ዓ.ም. በአንድነት ፓርክ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል፤ የጅማው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ጎብኚ የሚሄድበት ቦታ ነው። ሰው የሚገባበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት ዓይን ያገኛል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ጥገናው የባለሙያና የበጀት ሥራ ነው፤ ሰነዱ ግን ከሚመለከተው ቢሮ ፈቃድ ይዞ በተማሪ አቅም የሚሠራ ነው። ለመጀመር ያህል አምስት ነገሮችን ማቅረብ ይቻላል።

1. ልኬት፦ የግድግዳ ርዝመትና ውፍረት፣ የበርና የመስኮት ስፋት፣ የምሰሶ ርቀት። ሁለት ሰውና አንድ ሜትር ይበቃል።

2. ፎቶግራፍ፦ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ ከተመሳሳይ ቦታ ላይ ቆሞ ማንሣት። አንድ ፎቶ ውበት ያሳያል፤ አሥር ፎቶ ጉዳት ያሳያል።

3. የስንጥቅ ክትትል፦ በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ ለጥፎ ቀን መጻፍ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ የቆየና የቆመ ነው። ይህ ከመስመራዊ ስሌት በፊት የሚደረግ ቀላል ምርመራ ነው።

4. የቃል ታሪክ፦ ሼሁም፣ ቄሱም፣ እትዬዋም ይጠየቁ። ስለ አዳራሹ የወንዶቹ ወሬ ይበዛል፤ እንጀራውን የጋገሩት፣ ጠጁን የጣሉት ግን ሴቶች ናቸው። ከእናቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ እናቶች እያሉ መድረስ ያስፈልጋል።

5. ቅጂ፦ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ደግሞ ከአካባቢው ውጭ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሰሞን እንደተያዙ አይተናልና ሁለት ቅጂ በቂ አይደለም።

ይህ ሥራ ለኮምቦልቻም ይሠራል። ኮምቦልቻ የንጉሥ አዳራሽ የላትም፤ ነገር ግን የጣልያን ዘመን ቤቶቿ፣ መንገዷና ፋብሪካዎቿ የሌላ ዓይነት ሥልጣን ማስረጃ ናቸው። ዛሬ ማንም እንደ ቅርስ አያያቸው ይሆናል። አይጠየፍም ሲሠራ ቅርስ አልነበረም፤ የዕለት ሥራ የሚሠራበት ቤት ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው አይጠየፍ የወሎ መንግሥት የሚታይበት ቦታ ነበር፤ መንግሥቱ ሲሄድ ሥራውን አጣ። እንዲህ ያለውን ቤት ውሃ ከላይና ከታች፣ ሲሚንቶ ከውጭ፣ ጦርነት ደግሞ በድንገት ይጎዱታል። ለሦስቱም የመጀመሪያው መከላከያ አንድ ነው፤ በትክክል የተለካና በሦስት ቦታ የተቀመጠ ሰነድ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ልኬቱ ለሚቀጥለው ጥገና መነሻ ይሆናል፤ ጥገናው ቢዘገይ ደግሞ ቢያንስ ቤቱ ምን እንደነበረ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ያውቃል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሥራውን መጀመር ይቻላል።